ዩኒቨርሲቲው እስኪከፈት

ዶክተር ጀማል ማረፋቸውን የሰማሁት ሂርና ላይ ነው። መንግሥት ተለውጦ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ላይ በተጣደበት ሰሞን፣ ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሐረር ስጓዝ አውቶቡሳችን እንደ ልማዱ ጫት ለሚገዙት ሰዎች ቆመ። እግሬን ላፍታታ ብዬ ወረድኩ። አብዲ የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ከቦኬ ባመጣው የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ ብድግ አለ። ሰላም ብሎኝ እጄን ቶሎ አልለቀቀኝም።

«ቲቸር፣ አልሰሙም እንዴ?» አለኝ። «ዶክተሩ አለፉ። ኢናሊላሂ። ባለፈው ጁምዓ ቦኬ ቀበርናቸው።»

ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ተሳፋሪው ተግተልትሎ ገባ። እኔ ግን ሻንጣዬን አስወረድኩ። አብዲ፣ ጭነቱን አራግፎ ወደ ቦኬ በሚመለስ መኪና ላይ፣ ከሹፌሩ አጠገብ ቦታ ለምኖልኝ ሄድኩ። መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ነው። ሹፌሩ ስለ አዲሱ መንግሥት ያወራኛል፤ እኔ «እህ» እላለሁ እንጂ አልሰማውም።

እሳቸውን መጀመሪያ ያየኋቸው አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ነው። ተወልጄ ባደግኩባት በአሰበ ተፈሪ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህርት ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። አንድ ጠዋት ርዕሰ መምህራችን አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ይዘው ወደ መምህራን ክፍል ገቡና «ዶክተር ጀማል ኬሚስትሪ ያስተምሩልናል፤ ዩኒቨርሲቲው እስኪከፈት ድረስ ነው» አሉ። ዶክተር ሲባል ሐኪም የመሰላቸው የአማርኛው መምህር ወዲያው ስለ ወገባቸው ሕመም ማማከር ጀመሩ። እንግዳው ሰውዬ ግን አላቋረጧቸውም። እስከ መጨረሻው አዳምጠው «እኔ የማክመው ማሽላን ነው» አሏቸው።

የቦኬ ገበሬ ልጅ ናቸው። እዚሁ ከተማችን ተምረው፣ ሐረር ጨርሰው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ከዚያ ባሕር ተሻግረው በኬሚስትሪ ዶክትሬታቸውን ይዘዋል። የተመለሱት እናታቸውን ለመጠየቅና የቦኬን አፈር ይዘው ለመሄድ ነበር፤ ክረምቱን ብቻ። እዚያ ያሠለጠኗቸው ፕሮፌሰር ደግሞ ድኅረ ዶክትሬት የምርምር ሥራ አዘጋጅተው ይጠብቋቸዋል። እሳቸው ክረምቱን እናታቸው ዘንድ ከርመው አዲስ አበባ ሲደርሱ አገሩ ሌላ አገር ሆኗል። ከአገር መውጣት በፈቃድ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው እንዳይቀጥራቸው ተማሪው በሙሉ ለዘመቻ ወጥቶ በሩ ተዘግቷል። «እስኪከፈት አገርህ ገብተህ አስተምር» ተባሉ።

ፖስት ዶክ የሚባል፣ ከዶክትሬት በኋላ የሚሠራ ምርምር መኖሩን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። «ዶክትሬት መንጃ ፈቃድ ማለት ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «መንዳት እንደምትችዪ ይመሰክርልሻል። መኪናው የሚሰጥሽ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ መንጃ ፈቃዴን ይዤ እግረኛ ሆኜ ቀረሁ።»

የሚያጠኑት አቀንጭራን ነው። የሐረርጌ ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ልንገር። ከማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጠምጥ አረም ነው፤ አበባው ሐምራዊ፣ ዘሩ ከዱቄት የደቀቀ። ዘሩ አፈር ውስጥ ስንትና ስንት ዓመት ይተኛል። ስንዴ ቢዘራበት አይነቃም። ማሽላ የተዘራ ዕለት ግን ከሥሩ የሚወጣ አንድ ነገር ይደርሰውና ብድግ ይላል። «ያ ነገር ምንድን ነው?» ይሉ ነበር ዶክተር ጀማል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሐሜት እንደሚያወራ ሰው። «ማነው የሚቀሰቅሰው? እሱን ካወቅን ማሽላው ሳይዘራ ቀስቅሰን በረሃብ እንገድለዋለን። እናቴ ማሳዋን ታገኛለች።»

ሁሉን ነገር ያሸቱ ነበር። አፈር፣ ወረቀት፣ የተማሪ ደብተር፣ ጠመኔውን ሳይቀር። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይሳሳቁባቸው ነበር፤ ኋላ እነሱም ያሸቱ ጀመር። አንድ ሰሞን የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ ያገኘውን ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ ብታዩ ትገረሙ ነበር።

በዓመቱ ፕሮፌሰሩ «ቦታህ አለ፤ መቼ ትመጣለህ?» ብለው ጻፉላቸው። ዶክተር ጀማል ሙሉ ልብሳቸውን አስተኩሰው ለመውጫ ቪዛ አዲስ አበባ ወረዱ። ሲመለሱ መምህራን ክፍል ተሰብስበን ጠበቅናቸው፤ የሆነውንም ራሳቸው እየሳቁ ነገሩን።

«ባለሥልጣኑ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው አለኝ። ምርምር አልኩት። በምን ላይ? በአቀንጭራ ላይ። እዚያ አገር አቀንጭራ አለ? አለኝ። የለም አልኩት። ታዲያ አቀንጭራ ከሞላበት አገር ወጥተህ አቀንጭራ በሌለበት አገር ምኑን ነው የምትመራመረው? አለኝ።»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ቀስ በቀስ ሳቃቸውን ተዉት።

«መልስ አጣሁለት እኮ፣ ትርሲት» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «ሰውዬው እውነቱን ነው። አቀንጭራ ያለው አገር ላቦራቶሪ የለውም። ላቦራቶሪ ያለው አገር አቀንጭራ የለውም። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ።»

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንዴ ይሄዱ ነበር። በየዓመቱም ይመለሱ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ በኋላ ደግሞ እዚያ እንዲዛወሩ ጠየቁ፤ «አውራጃው አይለቅዎትም» ተባሉ። የከተማው ሰው ነገሩን መቀለጃ አደረገው። አንድ ብድር የማይመለስ ሲመስል፣ አንድ ሠርግ ሲራዘም፣ «ዩኒቨርሲቲው እስኪከፈት» ይባባላል። እሳቸውም ይሰሙ ነበር፤ ይስቁም ነበር።

የሶማሊያ ጦርነት የመጣ ጊዜ ትምህርት ቤታችን የወታደር ማረፊያ ሆነ። ጦሩ ሲለቅ ላቦራቶሪው ውስጥ የቀረው የተሰባበረ ብርጭቆና የቧንቧ እጀታ ብቻ ነበር። ዶክተር ጀማል ክፍሉን ራሳቸው ጠረጉት። ከየሰዉ ቤት የማርመላታ ጠርሙስ ለምነው ሰበሰቡና በመስኮቱ ላይ ደረደሯቸው፤ ማሽላ ዘሩባቸው፤ የሥሩን ውኃ እየቀዱ በአቀንጭራ ዘር ላይ ያፈሱ ነበር። ዘሩ ይነቃል። የቀሰቀሰው ግን ምን እንደሆነ ለመለየት ጠርሙስ አይበቃም። «ሌባው ቤት ውስጥ መግባቱን አውቃለሁ» አሉኝ፤ «መልኩን የማይበት መብራት ነው ያጣሁት።»

አንድ ጊዜ ብቻ ሲቆጡ አይቻለሁ። አንድ ወጣት መምህር ሊያጽናናቸው ብሎ «አይዞዎት ዶክተር፣ ሳይንስ የትም አይሄድ፤ ይጠብቅዎታል» አላቸው።

«ለስኳር ስትሰለፍ ድንጋይ አስቀምጠህ ወደ ጉዳይህ ትሄዳለህ አይደል?» አሉት። «ስትመለስ ቦታህ አለ፤ ድንጋይህን ሰው ያከብርልሃል። በሳይንስ ድንጋይ ማስቀመጥ የለም ልጄ። የቆመ ነው የሚወስደው።»

አሁን የምናገረውን ለብዙ ሰው አውርቼው አላውቅም። እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም፤ ያለዚህ ግን ዶክተር ጀማል ማን እንደሆኑ መናገር አይቻልም።

የመንደር ምሥረታ የተጀመረ ጊዜ ነው። ገበሬው በየኮረብታው ተበታትኖ የሠራውን ቤት አፍርሶ በመስመር በተቀየሰ መንደር እንዲሰፍር ታዘዘ። ቦኬ ላይ ሰዉ አሻፈረኝ አለ። በዚያው ሰሞን ከአንድ የሶሻሊስት አገር ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ላላቸው ኢትዮጵያውያን የምርምር ቦታ መምጣቱ ተሰማ፤ የሚልከው ፓርቲው ነው፤ የሚያስፈልገው የአውራጃ ድጋፍ ነው። ለዘመቻው የተላከ አንድ ካድሬ ዶክተር ጀማልን አስጠርቶ አነጋገራቸው። ቁጣም ማስፈራሪያም አልነበረበትም። የቦኬ ልጅ ነዎት፣ ሕዝቡ ያከብርዎታል፣ አንድ ቀን መጥተው ያስረዱልን፤ እኛም የእርስዎን ጉዳይ እናያለን።

በስብሰባው ዋዜማ የፈተና ወረቀት ሳርም አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ትርሲት፣ አንዲት ውሸት ብዙ እውነት የምትገዛ ከሆነ ኃጢአት ናት?»

«እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው ዶክተር» አልኳቸው። «ይኼን ሼሁን ይጠይቁ።»

«የሼሁንማ መልስ አውቀዋለሁ» አሉና ተነሡ።

መምህራኑ ሁሉ በጭነት መኪና ተጭነን ስለሄድን በዐይኔ አይቻለሁ። የቦኬ የገበያ ቀን ነበር። ሕዝቡ ከገበያው ዳር መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ወንዱ በአንድ ወገን ሴቱ በሌላ ወገን። እናታቸው አደ ሩቂያ ከሴቶቹ ፊት ነበሩ፤ ልጃቸው ሊናገር መሆኑን ሰምተው አዲስ ሻሽ አስረዋል። ዶክተር ጀማል ያን ዕለት ምንም ነገር አላሸተቱም። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው በኦሮምኛ ተናገሩ። ቤታችሁ ተሰብስቦ ቢሠራ ውኃ ይመጣል፤ ክሊኒክ ይመጣል፤ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት አይርቁም። ከዚያ «ሳይንሱ የሚለው እንዲህ ነው» አሉ።

አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አቦ ጀማል፣ ማሳችንስ? ከማሳችን ስንርቅ ዝንጀሮውን ማን ይጠብቅልናል? አረሙን ማን ይነቅልልናል? ለእሱስ ሳይንሱ ምን ይላል?»

ዶክተር ጀማል ሽማግሌውን ብዙ አዩአቸው። በዚህ ዓለም ለዚያ ጥያቄ ሙሉ መልስ ያለው አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ።

«ይታሰብበታል» አሉ።

ካድሬው አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። አደ ሩቂያ የሻሻቸውን ጫፍ ስበው አፋቸውን ሸፈኑ።

በሳምንቱ ሰዉ ቤቱን ማፍረስ ጀመረ። እርግጥ ነው ዶክተር ጀማል ባይናገሩም ይፈርስ ነበር፤ ወታደር ነበረ። ይህን ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። አንድም ቀን መልሰውልኝ አያውቁም። እናታቸው ባላቸው የሠራላቸውን ቤት በር ነቅለው ሴት ልጃቸውን ሐሊማን አሸክመው ወደ አዲሱ መንደር ሄዱ። ከዚያ እስከ ማሳቸው የግማሽ ቀን መንገድ ሆነባቸው።

የምርምሩ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። የአንዱ ባለሥልጣን ዘመድ ነው ተባለ፤ አይደለም የሚልም ነበር። ኬሚስት ግን አልነበረም። ለዶክተር ጀማል ይህን የነገራቸው ያው ካድሬ ነው፤ መንገድ ላይ አግኝቷቸው፣ «ዘንድሮ አልሆነም ጓድ፤ ሌላ ጊዜ» ብሎ።

አደ ሩቂያ በአዲሱ መንደር ሁለተኛ ክረምት ሳይደግሙ አረፉ። ማሳውን የሚያርመው ሲጠፋ አቀንጭራው ማሽላቸውን በልቶ ዳር እስከ ዳር አበበበት። ለቀብር የሄድን ጊዜ ከመንገዱ አየሁት፤ ከሩቅ ሲታይ ሐምራዊ ምንጣፍ ነው፤ ያማረ ነገር ነው። ዶክተር ጀማል ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው አለፉ። ከዚያ ወዲህ «ሳይንስ» የሚለውን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። «ኬሚስትሪ» ይሉ ነበር፤ የሚያስተምሩትን የትምህርት ዓይነት ስም ያህል። በመስኮቱ ላይ የነበሩትን ጠርሙሶችም አጥበው ለየባለቤቶቻቸው መለሱ።

ቢሆንም ተስፋ ክፉ ነገር ነው፤ ሰው ጨርሶ አይተወውም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አገዛዙ ሲላላ መውጣትም እየቀለለ ሄደ። አንድ ቀን ጽሕፈት ቤት ተጠርተው የመውጫ ፈቃድ ሊሰጣቸው እንደሚችል ተነገራቸው፤ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ቦታው አሁንም መኖሩን ያረጋግጥ ብቻ። ያን ቀን እንደ ልጅ ደረጃውን ሲሮጡ አየኋቸው። ጸጉራቸው ግማሹ ሸብቷል። ጻፉ፤ ጠበቁ።

መልሱ የመጣ ዕለት ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ያስተምሩ ነበር። በመሐላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ድምፃቸው ይሰማኛል። ያን ቀን ከወትሮው ከፍ ብሎ ሰማሁትና ተማሪዎቼን ሥራ ሰጥቼ ወደ በራቸው ሄድኩ። ሰሌዳው ላይ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ሳሉ፤ ከጎኑ ረጅም ጭራ ቀጠሉለት። ፊታቸው በርቷል።

«ይኼ ነው!» ይላሉ። «ከማሽላ ሥር ላይ የሚንጠባጠበው፣ አቀንጭራን የሚቀሰቅሰው ይኼ ነው። ተመልከቱት፤ እንዴት ቀላል ነው! እንዴት ያምራል!»

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ማን ነው ያገኘው?»

«ሰዎች።»

«እዚህ አገር ነው?»

«አይደለም» አሉ። ከዚያ ሰሌዳውን በእጃቸው መዳፍ አጠፉት፤ ዳስተሩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

በኋላ መልሱን ነገሩኝ። ፕሮፌሰሩ ጡረታ ወጥተዋል። በቦታቸው የተተካው ሰው በትሕትና ነው የጻፈላቸው። ፖስት ዶክ ትምህርታቸውን በቅርቡ ለጨረሱ ወጣቶች ነው፤ እርስዎ ከጨረሱ ረጅም ጊዜ ሆኖዎታል። ያነሡት ጥያቄም መልስ አግኝቷል፤ ቢያነቡት ደስ ይልዎታል ብዬ ውጤቱን አያይዤ ልኬልዎታለሁ።

«ደስ አለዎት?» አልኳቸው። ለምን እንዲህ ብዬ እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«ደስ ብሎኛል» አሉ። «ሰው የገደለ አውሬ ሲታደን ደስ ይላል፤ ያደነው ሌላ ቢሆንም።» ከዚያ ደግሞ፣ «እናቴን ስለበላው ነው የምልሽ» አሉኝ፤ እኔ ያልገባኝ መስሏቸው።

ያን ዓመት ጨርሰው ሥራቸውን ለቀቁ። ሰዉ አዲሱን መንደር እያፈረሰ ወደየድሮ ቦታው በሚመለስበት ጊዜ እሳቸውም ቦኬ ገቡ። እዚያ ሆነው ታመሙ። ሁለት ጊዜ መልእክት ልኬባቸው «ደህና ነኝ» ብለዋል።

መኪናው ቦኬ ያደረሰኝ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ወንዶቹ ከደጁ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። እኒያ በስብሰባው ላይ የተነሡት ሽማግሌ አሁንም በሕይወት አሉ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ይቅር ብለነው ነበር» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ወላሂ፣ ያኔውኑ ነው ይቅር ያልነው። የኛ ልጅ ነው። ብዙ ጊዜ ነገርነው። ይቅርታ ግን በግድ አይሰጥም፤ የሚቀበል ይፈልጋል።»

ሐሊማ ከጓዳ ወጥታ እጄን ያዘችና ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ቁርጥ ወንድሟን ናት፤ ያው ርዝመት፣ ያው ቅጥነት። ሻይ ሰጥታኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ስለ ሕመማቸው ነገረችኝ፤ በመጨረሻው ምግብ አልቀበል እንዳላቸው፣ ሐኪም ቤት አልሄድም እንዳሉ። ከዚያ፣

«ቲቸር፣ አንቺ ታውቂ እንደሆን ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ያ ባሕር ማዶ ያለው ሥራ፣ ለስንት ጊዜ ነበር?»

«ለሁለት ዓመት» አልኳት።

«ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይመለሱ ነበር። የዚያ ሥራ ጠባዩ ነው፤ ሁለት ዓመት ተሠርቶ ያልቃል። የቦኬን አፈር የሚፈልገው ሥራቸው ደግሞ እዚህ ነበር። እመለሳለሁ ይሉ ነበር ሁልጊዜ።»

የያዘችውን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ሁለት ዓመት?» አለች። «እኛ እኮ ለዘላለም የሚሄድ ነበር የመሰለን። መጀመሪያ ለትምህርት ሲሄድ ቶሎ እመጣለሁ ብሎን ስንት ዓመት ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ጊዜ ጠይቀነው አናውቅም። እናቴ ሁለተኛ ከሄደ አላየውም አለች። ለፈቃድ አዲስ አበባ ወረደ በተባለ ቁጥር እዚህች ቦታ ላይ ተቀምጣ፣ ያረቢ አትፍቀድለት፣ ያረቢ መልስልኝ እያለች ዱዓ ታደርግ ነበር። እኔም ከጎኗ ሆኜ አሚን እል ነበር።»

ደጅ የተቀመጡት ወንዶች ለመግሪብ ሶላት ተነሥተው ሲሰለፉ ይሰማል። ሐሊማ ሁለት መዳፎቿን እንደ ዱዓ ወደ ላይ ዘረጋቻቸው፤ አየቻቸው፤ ምንም ሳትለምን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው።